የዋንዛ ሳጥን

ሄርማታ፣ ሱቄ በር፣ ከመጋዝ ጩኸት መሃል
ጋሽ ላቀው ብቅ ብሎ «ሳጥን አማረኝ» ይላል።
ደነገጥኩ። ከቤቱ ማን ይሆን የሞተ?
ሜትሬም እጄ ላይ እንደተከፈተ።
«ለሬሳ አይደለም» አለ እየሳቀብኝ፣
«ለሲጋር ነው ወንድሜ፤ መኝታ ሥራልኝ።»

አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ቡና ቀማሽ ነበር፤
በማንኪያ ስቦ፣ ጉንጩ ላይ አዙሮ፣ ባልዲ ላይ ሲተፋ ሲውል ሲያድር።
ምላሱ የድርጅት፣ አፍንጫው የመንግሥት፣
ነጭ ሽንኩርት እንኳን የተከለከለበት፤
በሠርጉ ዕለት ጠጁን በከንፈሩ ነክቶት
ለሚዜው ያሳለፈ፣ ሥራ እንዳይበላሽበት።

ከባሕር ማዶ ገዢ በመጣ በሄደ
ስጦታው ውስኪ ነው፤ ጠርሙስ ጠርሙስ ወለደ።
ስኮትላንድ በሞላ፣ ደጋው ደሴቱ ጭምር፣
መንደራ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ሲቆም ሲደረደር፣
ሠላሳ አራት ጠርሙስ፣ አንዱም ሳይደፈር።
እትዬ ድንቄ ለፋሲካ አቧራውን ስትጠርግ
«ይኼ ሁሉ ሙሽራ! መቼ ነው ደግሞ ሠርግ?»
ጡረታ ከወጣ ሰባት ዓመት አለፈ፤
ምላሱ ግን መሸኛ ገና አልተጻፈለት፣ ከሥራ አላረፈ።

ሲጋሩ የኩባ ነው፣ ከእህቱ ልጅ ከቶሎሳ፤
በሕፃንነት ሄዶ የመጣ ጎልማሳ፣
ሻንጣው ሁለት ሱሪ፣ አንድ መጽሐፍ፣ ሲጋር ሃምሳ።
አሥራ ሁለቱ አዲስ አበባ ላይ ደርቆ ተሰነጠቀ፤
የተረፈው ጅማ ገብቶ፣ ዝናቡን ሲያውቅ፣ ወዝ አፈለቀ።
የኛ ሐምሌ ግን ደግሞ መጠን መች ያውቃል?
ጫማ አልጋ ሥር ይሻግታል፤ ግድግዳ ፂም ያወጣል።
ለዚህ ነው ሳጥኑ።

«በጥድ ላድርገው?» አልኩ። «ጥድ ወሬ ያበዛል፤
ሲጋሩ ሳይናገር ቀድሞት ይናገራል።»
ዋንዛ መረጥን፤ ዝምተኛ፣ የማይጣመም ዋንዛ፣
በአጎቴ ጊዜ ተሰንጥቆ ጣራ ሥር የወዛ።
ሚስማር የለም፤ ጥርስ በጥርስ አናከስኩት፤
ክዳኑ ሲገጥም «እፍ» ይላል፤ ሦስቴ ከፍቼ ሰማሁት።

ያስረከብኩ ዕለት በርጩማ ስቦ አስቀመጠኝ
(የራሴው እጅ ሥራ፣ አንድ እግሩ አሳፈረኝ)።
ጠርሙስ አወረደ። የመጀመሪያው።
ቡሹ እንደ አሮጌ ጥርስ ተሰበረ፤ በድንቄ ነጠላ ጫፍ አጠለለው።
«እኔ አልጠጣም፣ ጋሽ ላቀው።» «ማን ጠጣ አለህ?
አሽትትና ንገረኝ፤ አፍንጫ አይደል ያለህ?»

አሸተትኩ። እንጨት! ሆዱን እሳት የላሰው፣
እናቴ የወተት ቅሏን በወይራ እንደምታጥነው።
ከሥሩ ደግሞ አፈር፤ ጓይ ሲነድ በበጋ፣
የቦዬ ረግረግ ደርቆ፣ ጭሱ ሲወጣ ወደ ደጋ።
«ረግረግ ቆፍረው ነው ገብሱን 'ሚያጥኑት!» ብሎ ተነሳ፣
መነጽሩ እስኪወድቅ፣ ወገቡን እስኪረሳ።
«ሳትቀምስ የቀመስክ! አንተን ነበር መቅጠር!»

ከዚያ አንድ ጉንጭ ያዘ። አዞረ።
ዓይኑ ወለሉን ዞረ፣ ባልዲ ፈለገ።
ባልዲ የለም።
ጉሮሮው እንደ በር፣ ማጠፊያው እንደዛገ፣
ቆይቶ፣ ቆይቶ፣
ዋጠ።

እትዬ ድንቄ በር ላይ እልል አለች፤
ለምር ይሁን ለሹፈት፣ እስካሁን አልነገረች።

ሲጋሩን ለኮሰ። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ፤
ጭሱ ወጥቶ ከደጅ፣ ጉም ውስጥ ገብቶ ሲሳብ።
«ሠላሳ ሦስት ቀረ። በዓመት አንድ» አለኝ።
ስልሳ ሰባቱ ነው፤ ስደምረው መቶ ሆነብኝ፤
ዝም አልኩ።

ከዋንዛው የተረፈ ጣውላ አለ፣ ሱቄ ጥግ፣ የቆመ።
ቁመቱ ደህና ነው። ጠያቂ ይመጣል።
አይሸጥም እላለሁ።