የውሃው ልክ

ፔዳ ግቢ፣ ሦስተኛ ዓመት፣ የሰኔ ፈተና፤
አራተኛው ጥያቄ ላይ እጄ ደረቀና
«ይህ ድርድር አይረጋም» ብዬ ጻፍኩ በድፍረት፣
«ስለዚህ አንዳች የለም የሚጠጋበት።»

መምህር ምንይችል በቀይ እስክሪብቶው
ከሥሩ አሰመረ፤ «የፊቱ እውነት ነው፤
የኋላው ከየት መጣ? አለመርጋት ማለት መጠጊያ ማጣት ነው?»

ወረቀቴን ጠቅልዬ ወረድኩ ወደ ወደቡ፣
የዜጌ ጀልባ ገብታ ሰዎች ሲሰበሰቡ።
ዘንጉ እዚያው ቆሟል ቀለሙ ተላልጦ፣
ከእምቦጩ መሐል ግማሹ ተውጦ።
አባቴ እንየው ሃያ ሦስት ዓመት
ይህን ዘንግ አንብቧል ጠዋት በጠዋት፤
ቤታችን ውስጥ መጽሐፍ ከተባለ
የሱ መዝገብ ነው፣ ውሃ ያዘለ።

ማታ ገለጥኩት። ቁጥር ከቁጥር ኋላ፣
ሲወጣ፣ ሲወርድ፣ ሲጎድል፣ ሲሞላ።
ከአንድ ሜትር አይወርድም፣ ከአራት አይዘልም፣
ታጥሯል፤ ግን አይረጋም፣ አንድ ስፍራ የለውም።
ድርድር ይሉታል። እውነትም ድርድር ነው፤
ሐይቁና ዳርቻው፣
አምናም ዘንድሮም ገና ሲነጋገሩ ነው።

ከዚያ መልቀም ጀመርኩ። ሕጉ ቀላል፦
መዝለል ይፈቀዳል፣
ወደ ኋላ መመለስ ይከለከላል።
ሰኔ አሥራ ሁለቶችን ለብቻ ሳወጣ
አንድ ከሰባ፣ አንድ ከስድሳ ስምንት፣ አንድ ከስድሳ ዘጠኝ መጣ።
ያ ዓመቱን ሙሉ የሚዞር ባካና
በሰኔ በር በኩል ደጅ ነበረው ለካና!

መጠጊያ አልኩት፣ መምህሩ ሊሚት ቢሉትም።
ውሃው የሚኖርበት ማለት አይደለም፤
ምናልባት አንድም ቀን በልኩ አልነካውም።
ግን ስንዝር ቢሉ፣ ጣት ቢሉ፣ የጤፍ ፍሬ ታህል ቢያጠቡት
ደግሞ ይመጣል፣ ደግሞ፣ በዚያች በጠበበች ክፍተት።
መቶ ጊዜ መጥቶ መቅረት አይቆጠርም፤
ከመቶው በኋላ፣ ከሺው በኋላም።

ይህን ሳወጣ ሳወርድ አንድ ነገር አየሁ
(ለመምህሩ አልነገርኩም፤ ለፈተና አይሆንም)።
የአባቴ ቁጥር ቀጭን ነው፣ ዘንበል ይላል ወደ ቀኝ፤
በየመሐሉ ግን ሌላ እጅ አገኘኝ፦
ሰባቱ እንደ ማጭድ፣ ስምንቱ የላላ ቋጠሮ፣
እርሳሱን እንደ ዘነዘና ጨብጦ፣ ወረቀቱን ሰርስሮ።

እናቴ ደብሬ።
ፊደል አልቆጠረችም፤ ቁጥሩን ከዓሣ ሚዛን ነው የለመደችው።

የሷን ቀኖች ብቻ ለይቼ ደረደርኩ፦
ሦስት ከሠላሳ፣ ሦስት ከሃያ ዘጠኝ፣ ሦስት ከሠላሳ አንድ።
ሁሌ ከላይኛው ጥግ። ሁሌ መስከረም፤ የወባ ወር፣
አባቴ የሚንቀጠቀጥበት፣ ውሃው ደረጃውን የሚዳፈር።
እሷ ነበረች ለካ፣ ነጠላዋን አሸርጣ
እስከ ጉልበቷ ገብታ ዘንጉን አይታ የምትመጣ፣
ደመወዙ እንዳይቆረጥ፣ መስመሩ ባዶ እንዳይሆን።
ሽፋኑ ላይ ግን የአንድ ሰው ስም ብቻ ነው ያለው።

እርግጥ፣ ሃያ ሦስት ዓመት ማስረጃ አይሆንም፤
ወረቀት ያልቃል፣ የማያልቅ ነገር መዝገብ አይበቃውም።
መምህሩ ቢያዩት ይህንንም በቀይ ያሰምሩበታል።
ያስምሩበት።

ዛሬ መስከረም ዘጠኝ ነው። አባቴ ብርድ ልብስ ውስጥ ነው፣
የእናቴም ጉልበት እንደ ድሮው አይደለም። እኔ ወረድኩ።
ሌሊት ጉማሬ የረገጠውን ደንገል አልፌ
ከዘንጉ ፊት ቆምኩ፣ እርሳሴን ታቅፌ።
ማዕበሉ ሲመጣ ሦስት ከሠላሳ አራት፣
ሲመለስ ሦስት ከሃያ ሰባት፣
ደግሞ ሦስት ከሠላሳ፣ ደግሞ ሌላ። ቆሜ ቀረሁ።

ቤት ገብቼ ጠየቅኳት፦ «እማዬ፣
ውሃው አልቆም ሲልሽ የቱን ነበር የምትጽፊው?»
የቆሮሶውን ቅርፊት እየፋቀች፣ ቀና እንኳ ሳትል፦
«ደጋግሞ የሚመለስበትን ነዋ!»