ባዶና ዜሮ

ቱርኩ ላይ ጥር ገብቶ ወንዙ ቆዳ አውጥቷል፤
ከወንበሩ በላይ ነጩ መብራት በርቷል።
ራይሞ በቀጭኗ ብረት እየለካ፣
ጥርስ ከድድ ሲሸሽ ሥሩን እየነካ፣
“ሁለት። ሦስት። ሁለት። አምስት። እዚህ ደም አለ።”
ድምፁ ዓሣ የሚሸጥ ሚዛን ጠሪ መሰለ።
ኦይሊ ነው ስሜ፤ ሥራዬ መጻፍ፤
በሚሊሜትር ሲመተር የሰው አፍ።

ዛሬ የተኛችው ኢንካ ናት፤ ሠላሳ አንድ ዓመቷ፤
አሥራ አራት ወር ሙሉ ስትቆጥር በቤቷ፣
ማለዳ ሙቀቷን ስትለካ፣ ቀይ ነጥብ ስታኖር፣
ወሩ ባለቀ ሌሊት ከያርኖ ጋር ዝም ብላ ስታድር።
“አልተከተብኩም” አለች፣ ጥጥ ጉንጯ ሥር ይዛ፤
“እህቴ ነገረችኝ፤ ባልደረባዋ ሉዊዛ
በተወጋች ማግስት ማህፀኗ ተዘጋ።”
ማን አይቶ? አልጠየቅሁም። ወሬ እንደ በጋ
የሐይቅ ዳር ትንኝ ነው፤ አንዷን ስትመታ
ሌላዋ ጆሮህ ላይ ትዘፍናለች ማታ።

አልሳቅሁባትም። እኔም አሥራ አንድ ዓመት
ጥፋተኛ ስፈልግ ኖሬያለሁ በዚያ ቤት፦
ሳውናውን ስከስ፣ የባሌን ብስክሌት ኮርቻ፣
አንዳንዴ አንድ ክረምት የዋጥሁትን ክኒን ብቻ።
ይህ መርፌ ያኔ የለም። ለማህፀኔ ዝምታ
የሚከሰስ ሲጠፋ፣ እኔው ቆምሁ በእሱ ቦታ።

ባለፈው ማክሰኞ ፕሮፌሰር ቬርና
ሁላችንንም ጠራች፤ ሠንጠረዡን ዘረጋችና
የተከተቡት ሴቶች፣ ያልተከተቡትም፣ እስኪፀንሱ ድረስ
የቆዩበትን ጊዜ በሁለት መስመር አሳየችን።
መስመሮቹ፣ አንዱ በሌላው ላይ፣
እንደ ስኪ ዱካ ተደራርበው ሲታይ
የቱ የየትኛው እንደሆነ መለየት አቃተኝ።
“በእነዚህ ጥንዶች ላይ ልዩነት አላየሁም” አለች። “ከዚህ በላይ አታናግሩኝ።”

ድዳቸው የታመመ ሴቶች ግን
መስመራቸው ትንሽ ወደ ኋላ ቀርቷል።
ራይሞ ብድግ አለ። እሷ እጇን አነሳች፦
“ከ‘አብሮ ታየ’ እስከ ‘እሱ ነው ያመጣው’
መንገዱ ረጅም ነው፤ በረዶም ሞልቶታል።”

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። “ኦይሊ፣ መዝገብሽን አየሁ፤
መልስ በሌለበት ሁሉ ዜሮ ተጽፎ አገኘሁ።
ዜሮ ማለት ቆጥሮ ምንም ማጣት ነው፤
ባዶ ማለት፣ እህቴ፣ ገና አለመቁጠር ነው።”
ሁለት መቶ ሰባት ዜሮ ስሰርዝ አመሸሁ።
በእያንዳንዷ ቦታ አንዲት ሴት ተነፈሰች፤
ወይም እኔ ነበርሁ።

ለኢንካ ነገርናት። ሰማችና ጣሪያውን እያየች፣
“ታዲያ ከመርፌ ወደ ጥርስ ዞረ?” ብላ ሳቀች፤
የሳቋ ጠርዝ ቀይ ነበር።
“አላውቅም” አለ ራይሞ። በሠላሳ ዓመት ሥራው
ይህን ቃል ሲናገር ያኔ ነው የሰማሁት፤ አፉ ላይ አማረ።
“ድድሽ ግን” አለ፣ “ልጅ ቢመጣም ባይመጣም፣
ለራሱ ሲል መዳን ይገባዋል።”

ግንቦት ላይ ተመለሰች። ወንዙ ጀልባ ለምዷል።
ክንዷ ላይ ክብ ፕላስተር፤ “ትናንት” አለች፤ “ትንሽ አብጧል።”
“ሁለት። ሁለት። ሦስት። ሁለት።” ራይሞ ጠራ፤ ደም የለም።
የመጨረሻው ዓምድ ላይ ብዕሬ ቆመ፤ አልጻፍሁም።
ባዶ ተውሁላት፤ ንጹሕ፣ ወለል ያለ፣
ማንም ያልረገጠው በረዶ እየመሰለ።

ማታ ቤቴ ገብቼ፣ በመስታወት ፊት፣
ጥርሴን እየፋቅሁ በጠባቧ መብራት
የራሴን መስመር ከላይ እስከ ታች አነበብሁ፦
ኦይሊ። ሃምሳ ስምንት። ሁለት፣ ሦስት፣ ሦስት።
የእኔ ባዶ አይደለም። ተቆጥሯል።
ዜሮ ነው።
ጻፍሁት።
ዜሮም ቁጥር ነው፤ ከሠንጠረዡ አያስወጣም።