እጅን ወደ ኋላ

የቦንቴው ጀልበኛ፣ ሽማግሌው ሞሞ፣
ሞተሩን ቀነሰ፣ ነዳ አዝግሞ አዝግሞ፤
ከሴትዮዋ ጭን ላይ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣
የተኛው ሕፃን ልጅ እንዳይነቃ ብሎ።

ወደቡ ላይ ቢያየው፣ ጨርቁ ተገልጦ፣
ጎማ ነው፤ አፍንጫው በጉዞ ተደፍጥጦ።
«ሕፃን ነው ብዬ እንጂ በነፃ ያመጣሁት፣
ዕቃ ከሆነማ ሂሳቡን ክፈሉት!»
ሊጋያ ከፈለች። ሳቀች። እኛም ሳቅን።
ከፊሊፒንስ ሴት ጋር እንዲህ ተዋወቅን።

ስም አወጣንለት፣ «ትንሹ ሞሞ» ብለን፤
ጠዋት ውሃ ሞልተን፣ ማታ አድርቀን ሰቅለን።
«አድርቁት፣ አሙቁት፣ ጀርባውን እሹለት፤
ካልጮኸ ጭምብሉን በልኩ ግጠሙለት፤
ይሄ ሁሉ» ስትል «ስልሳ ሰከንድ ሳይቆጠር»፣
ሰዓታችን ከቆመ ድፍን አንድ ክረምት ነበር።

እኔ ግን፣ ማሴሬ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ
አዋልጄ የቀበርኩ፣ «የአምላክ ሥራ» ሲሉ፣
በሆዴ እላለሁ፦ «ሌሊታችንን መች አየች እሷ?
ጎማ አይሞት፣ አይቀበር፤ ምን አለባት ለራሷ!»

ሐሙስ ናፍጣው አለቀ፤ ጨለማው ተዘረጋ፤
ሶምቦ ወለደች፣ ገና ሳይነጋ።
ልጁ አመድ መስሏል፤ ክንዱ ዝርግት፤ ዝም።
እንዲህ ያለ ዝምታ ጎማው አያውቅም።
«ያዢው!» አልኩ ሊጋያን። እሷ ባትሪዋን ነክሳ፣
እጆቿን ወደ ኋላ እንደ እስረኛ መልሳ፣
ብርሃን ብቻ ሰጠችኝ። ክብ፣ ትንሽ ብርሃን፤
በውስጡ የእኔ እጆችና ያ የማይጮህ ሕፃን።

አደረቅኩ። አሸሁት። ዝም። ጭምብሉን ገጠምኩ።
ጫን፣ ለቀቅ፤ ጫን፣ ለቀቅ፤ ቁጥሩን ተሳሳትኩ።
ደረቱ ከፍ አለ፣ ልክ እንደዚያ ጎማው፤
የናቅኩትን ትምህርት እጄ ነበር የሰማው።
ስንት ነበር? አላውቅም። ሃምሳ? ስልሳ? ሰባ?
አስነጠሰ። ጮኸ። እየተቆጣ፣ እናቱ ደረት ገባ።

ሊጋያ ባትሪውን ከጥርሷ ስታወጣ
መዳፏን አየሁት፦ ጥፍሯ ሥጋዋን በጣ።

ዝናቡ ሲያበቃ ሄደች። ጎማው የእኛ ሆነ፤
አንገቱ ቢያፈስ፣ ሞሞ በጀልባ ሙጫ ደፈነ።
(ሂሳብ አልጠየቀም።)

ሁሉም ግን አይጮሁም። ባለፈው ወር አንዱን
ስልሳን አልፌ ሄድኩለት፤ አላገኘሁም መንገዱን።
እናቱ ስሙን ነገረችኝ። ለማንም አልናገርም።

ዛሬ ማታ ጀኔባ፣ ከሞያምባ መጥታ፣
«ያዢልኝ!» ትለኛለች፣ ላብ በላብ ሆና፣ ተርበትብታ።
እጄ ሊቀድማት ይላል፤ ሊነጥቃት ጭምብሉን፤
ሊጋያ፣ አላስተማርሽኝም ይሄን ከባድ ክፍሉን።

ባትሪውን እነክሳለሁ።