የረምላ መርሐ ግብር

መምህርት ትርንጎ ወላጅ የጠራች 'ለት፣
"በቀን ግማሽ ሰዓት፣ ቤት ውስጥ፣ ከልጃችሁ ፊት፤
ዕቅድ ይኑራችሁ" አለች በትሕትና።
እኔ ምን ዕቅድ አውቃለሁ?
ቀኔን የሚያወጣው አላፊ መኪና፤
ሚስማር የወጋው 'ለት እበላለሁና።

ቢሆንም አመሻሽ፣ ጎሚስታ ቤቴን ዘግቼ፣
የአምናውን ካሌንደር ከግድግዳ አንስቼ፣
ሚያዝያና ግንቦትን በሆዳቸው አስተኝቼ፣
ከላይ በትልቁ፦ "የረምላ መርሀ ግብር"፤
ሰኞ ፊደል ማንበብ፣ ማክሰኞ ቁጥር፣
ረቡዕ ጽሕፈት፣ ሐሙስ ያካባቢ ነገር።
ዓርብ ጁምዓ ነው፤ ባዶውን ይደር።

እናቷ ከኮምቦልቻ፣ ከፋብሪካ ስትመለስ፣
ብናኝ ጥጥ ጸጉሯ ላይ፣ አነበበች በለሆሳስ፤
"ልጅ ናት ወይስ አይሱዙ? ቀን የቆረጥክላት ለሰርቪስ!"
ሳቀች።
እኔ ግን ለጠፍኩት በማስቲሽ፣ እንደ ካላማዳሪ፣
ነፋስ እንዳይወስደው፣ እንዳይሆን በራሪ።

ጧት ጧት እኔ ዘንድ ናት፤ ትምህርቷ ከሰዓት፤
ሰኞ፣ ጦሳ ጉሙን ሰኞ ገበያ ላይ ሲደፋበት፣
ያለቀ ጎማ ላይ ደብተር ሰጥቼ አስቀመጥኳት።
ሀ ሁን በአንድ ትንፋሽ እንደ ውሃ ጠጣችው፤
"ሌላስ?" ብላ ዓይኔን አየችው።
ሃያ ስምንት ደቂቃ እጄ ላይ ተረፈብኝ፤
ዕቅዱን ባየው፣ እሱም አፈጠጠብኝ።

ማክሰኞ፣ "አምስት ሲደመር አምስት" ልላት ስል፣
ሚኒባስ መጣ፣ ባንድ ጎኑ እያነከሰ፣
ሾፌሩ ወረደ፣ መንገዱን እየከሰሰ።
ብሎኑን ስፈታ እሷ ተቀበለች፣
የቲማቲም ጣሳ ውስጥ ኳ! ኳ! ጣለች፣
መኪናውን ዞራ፣ ጎንበስ ቀና ብላ፣
"አባ፣ ሃያ ነው!" አለች።
"ስኮርታው ብሎን የለው፤ እሱን አልቆጠርኩም" አለች።
ሾፌሩ ሳቁ መጣ፣
"ለሃያው ብሎን" ብሎ ከኪሱ ብር አወጣ።
እኔ ከዕቅዱ ጋር ቀረሁ፤
ትምህርቱ ከብሎን ጋር ወጣ።

ረቡዕ ጽሕፈት ይላል። እርሳሷን ረሳች።
ካላማዳሪውን ነፍቼ በርሜል ውስጥ ስደፍቀው፣
ቡልቅ ቡልቅ ሲል፣ ዓይኗ ሄዶ ተጣበቀው።
"እዚህ ጋ!" አለችና ጠመኔዬን ነጥቃ፣
ቀዳዳዋን ከበበቻት፣ በእጅጌዋ ውሃ አድርቃ።
"አባ፣ እያት፤ ዐ ሆነች፤ ዓይኑ ዐ!"
ከዚያማ ማን ያቁማት?
በር ላይ የተደረደረው አሮጌ ጎማ ሁሉ ፊደል ለበሰ፤
አንዱ ገበሬ ለጋሪው ጎማ ሊገዛ ደረሰ፣
"ያ፣ ጰ የተጻፈበት ስንት ነው?" ብሎ ጠየቀኝ፤
ዋጋውን ረሳሁት፤ ሳቅ አፈነኝ።

ሐሙስ ዘነበ።
ምንም አልተማርንም።
ቆርቆሮው ሲንጫጫ፣ አንድ ብርድ ልብስ ውስጥ፣
ከጣሪያው የሚወርደውን ጠብታ ቆጠርን።
መቶ ሳንደርስ ተኛች።
እኔ ነቅቼ ያቺን መስመር አሰብኳት፣
እንደ ዕዳ፣ ያልከፈልኳት።

ዓርብ ከጁምዓ መጣሁ። ባዶዋ መስመር ሞልታለች፤
በጠመኔ፣ በወፍራሙ፣ ወደ ቀኝ አዘንብላለች፦
"ዓርብ፦ አባ ያንብብ። ግማሽ ሰዓት።"
ከላይም፣ ከትልቁ ጽሑፍ፣ አንዲት ፊደል ሰርዛለች፤
"መርሀ ያልከው ልክ አይደለም፤
ባለ ሦስት እግሩ ሐ ነው" ትላለች።

አራተኛ ክፍል ላይ የቀረሁ ሰው ነኝ፤
ለእናቷም በደንብ አልነገርኳት። ማን ነገረብኝ?
ደብተሯን ዘረጋች፣ ጎማው ላይ ጎኔ ተቀመጠች፤
ጥቁሩን ጥፍሬን ይዛ ከመስመሩ ሥር አስኬደች።
"ጸ... ጸሐ..." ስል ተያዝኩኝ፤
"አብሽር" አለችኝ፣ "ቀስ በል፤ እጠብቃለሁ።"

ውጪ መኪና ጡሩምባ ነፋ፣ አንዴ፣ ሁለቴ።
"ቆየኝማ ወንድሜ፤
አንድ መስመር ቀርቶኛል" አልኩት፣
ሳልነሳ ከጎማው፣ ሳላነሳ ጥፍሬን።