ከእጅ ወደ አፍ

ሐይቅ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር፣ ከዋርካዋ ሥር፣
ጠረጴዛ አለችኝ፣ አንድ እግሯን በሲባጎ የማስር።
ሠላሳ ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬ፣
የሰው አቤቱታ እጽፋለሁ፣ ገጹን ሃያ ብር፣ ዛሬ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሸምሲያ አበጋዝ መጣች፣
የጫማዋን አቧራ አራግፋ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች።
ጉዳይዋን አውቀዋለሁ፤ ለሦስተኛ ጊዜ ነው።
መንገዱ ሲሰፋ ጌሾዋን ዶዘር ነቀለው፤
ካሳውን ግን የባሏ ወንድም ሙሄ ፈርሞ ተቀበለው።

ቅጹ «የቅሬታው ዓይነት» ይላል፣ ከነጠብጣብ መስመር ጋር።
«ሆዴን ያዘኝ በል» አለችኝ፤ «ሌላ ምን አለኝ የምናገር?»
«እንዲያ ብዬ ብጽፍማ ጤና ጣቢያ ነው የሚልኩሽ፤
የትል መድኃኒት ነው በካሳሽ ፈንታ የሚሰጡሽ።»

ቃል ማገላበጥ፣ ከማስተማር የተረፈኝ ሱስ ይኸው ነው።
ቅሬታ የቀረ ነው፣ ጋን ሥር እንደ አተላ፤
ምሬት ምላስ ላይ ያድራል፣ እንደ ኮሶ፣ ማር ቢበላ።
አቤቱታ «አቤት» እያለ ደጅ የሚጠና ድምፅ ነው፤
ብሶት ግን ሆድ ውስጥ ይቀራል፣ አፍ ሳይሰጠው የባሰው።

ያኔ ትዝ አለችኝ ለተማሪ ሳልነግር የቀረች አንዲት ቃል፣
ግራይፕ።
ሽፋን አልባ መዝገበ ቃላቴን አወጣሁ ከፌስታል።

ግራይፕ ዱሮ፣ ዱሮ፣ የእጅ ሥራ ነበረች፤
ትይዛለች፣ ትጨብጣለች፣ አንገትም ታንቅ ነበረች።
ከዘመናት በኋላ ወደ ሆድ ገባች፤
ቁርጠት ሆነች፤ አንጀት ጨበጠች።
እዚያው ስትገላበጥ፣ እዚያው ስታምጥ ከርማ፣
ትናንት በሚባል ጊዜ በአፍ ወጣች፤ ጉርምርምታዋ ተሰማ።

«አየሽ ሸምሲያ» አልኳት፣ የመምህርነት ጠባዬ መጥቶ፣
«ከእጅ ወደ ሆድ፣ ከሆድ ወደ አፍ፤
ቃል እንዲህ ነው የሚኖረው፣ እንደ ሰው ተንከራቶ።»

ዝም አለች። ከሐይቁ በኩል የዓሣ ሽታ ነፈሰ።
ከችሎቱ ደጅ የአንድ ሰው ስም ሦስቴ ተጠራ፤ ማንም አልደረሰ።

«እነሱም ሆድ አላቸው እንዴ?» ሳቅሁ፤ እሷ ግን አልሳቀች።
«ግን መምህር፣ አንድ ነገር ዘለሃል» አለች።
«ሆዱ የኔ ነው፣ እሺ። አፉም የኔ፣ የሚያጉረመርም።
እጁ የማን ነው? እጁ፣ ወላሂ፣ የኔ አይደለም።
የጨበጠው ሌላ፣ የቆረጠው እኔን፤
ያንን ዘለህ ስታበቃ ምን ልትጽፍ ነው ቀሪውን?»

ሠላሳ ሁለት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ፣
«ባለቤት ከግስ ይቀድማል» ብዬ፣ በጠመኔ ደጋግሜ፣
ባለቤቱን ሳልጠይቅ ግሱን ብቻ ተርጉሜ!

የጀመርኩትን ቀደድኩ። በአዲስ ገጽ፣ ከላይ፣
ከ«አመልካች» በፊት፣ ከማዕረጉ ሁሉ በላይ፣
«ሙሄ ይማም» ብዬ ጻፍኩ፤ ቀጥሎ «ያዘ» የሚል ቃል።
ሆዷና አፏ ከሥር ይምጡ፤ ሁለት መስመር ይበቃቸዋል።

ሃያ ብሯን እምቢ ስላት አሥሯን አስቀመጠች በግድ።
መዝገብ ቤቱ ለምሳ ተዘግቷል፤ ስምንት ሰዓት ነይ አሏት።
«እጠብቃለሁ፤ የት ልሂድ?»
ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ወረቀቱን አራት አጥፋ
ጨብጣዋለች፣ ቀለሙ በላቧ እስኪሰፋ።