የናሺክ ዘቢብ

ሚስተር ዴሽሙክ ነው፣ የፊዚክስ መምህር፣
ሠላሳ ዓመት ቆይቶ መጣ ባሕር ዳር።
«ዘጌ ውሰደኝ» አለ፤ ሞተሩን አስነሣሁ፤
የሰጠኝን ዜሮ ለጊዜው ረሳሁ።

ወሬው ስለ ናሺክ ነው፣ ስለ ሀገር ቤቱ፦
ወንዝ ድረስ የሚወርድ የመቅደስ ደረጃ፣
ኮረብታ ሙሉ ወይን፣
አመድ ሆና በወንዙ የወረደች እናቱ።

ከኡራ ደጅ ስንደርስ፣ ማንም ሳይነግረው
ጫማውን አወለቀ፣ መድረኩን ዳሰሰው።
ዘቢብ አወጣና ለአባ ጥሩነህ ሰጠ፤
አንዷን ፍሬ አንሥተው፣ ወደ ፀሐይ ይዘው
«ከየት ነው?» አሉኝ።
«ከመቅደስ አገር» አልኩ።
የማን መቅደስ አላሉም፤ በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።
ለቅዳሴ ይሁን ለቆሎ ተማሪዎች፣ አላውቅም።

ማታ ጀልባው ሲቆም «ሒሳብ ስንት?» አለኝ፤
«ዜሮ» አልኩት።
ትንሽ አሰበና፣ ሳቀ፤ በስሜ ጠራኝ።