ነሐሴ ሠላሳ ሦስት

ከፒያሳ ጫማ ቤት በላይ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
ጭጋግ ከጦሳ ወርዶ መንገዱ ሳይታይ፣
አንድ ባዶ ገጽ ይዤ ተቀምጫለሁ፤
ርእስ እጽፋለሁ፣ እሰርዛለሁ።
«ከሁለት ወደ ሦስት፦ የመሸጋገሪያ መንገድ»፤
ሐረጎን ወርዶ የማያውቅ ሰው ርእስ፣ ቀጥ ያለ እንደ ገመድ።

ፕሮግራሙ የክሊኒክ ነው። ካርድ ያወጣል፣
መድኃኒት ይቆጥራል፣ የተወለደ ይመዘግባል።
አዲሱ ሐምሌ ሲያልቅ ይወጣል፤
አሮጌው መስከረም ሳይጠባ ይዘጋል።
በሁለቱ መሀል ድልድይ እንድጽፍ ተመደብኩ፤
ዕቅዴን በእርሳስ ዘረጋሁ፣ ቁጥር ሰጠሁ፣ ደለደልኩ።

አንድ፣ ቅጂ ያዙ፤ ይህ አይታለፍም።
ሁለት፣ ቁልፉ ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም።
ሦስት፣ የቀረው የቱ ነው፤ ለምንስ ቀረ?
(«ለምኑን ተይው» ብሎ አራጋው ተከራከረ።)
ቤት ለሚቀይር ሰው «ግባ» ብቻ አይባልም፤
አልጋው በየት በር እንደሚያልፍ ካልነገሩት አይገባም።

ለማን ነው ግን የምጽፈው? «ተጠቃሚው» የምለው
ፊት የለው፣ መነጽር የለው፣ እጁ ምን እንደለመደ አላውቀው።

ሐሙስ በማለዳ ሹራቤን ለብሼ በሚኒባስ ወረድኩ።
ሹፌሩ በየኩርባው ጥሩምባ ይነፋል፤
ለማያየው መኪና፣ ይኑር አይኑር ሳያውቅ፣ ነፍቶ ያልፋል።
ኮምቦልቻ ሙቀቱ ተቀበለኝ፤ ሹራቤን አወለቅኩ።
ቦርከና ዳር ባለው ክሊኒክ፣ በካርድ ክፍሉ ትንሽ መስኮት
ወይዘሮ ሉባባ ተቀምጣለች፣ መነጽሯ አንገቷ ላይ በክር ታስሮላት።

«አዲሱ ላይ» አለችኝ፣ «ነሐሴ ስንት ቀን አለው?»
«ሠላሳ ነዋ፤ ሌላ ምን ሊኖረው?»
«እኔ ጋ ሠላሳ አምስት ነው። አንዳንዴም ስድስት።»

መዝገቡን ከፈትን።
ለካ ያኔ ወሮቹን ስንደረድር፣ ከውጭ ሰንጠረዥ ገልብጠን፣
አሥራ ሁለት ላይ አቁመን፣
ጳጉሜን ረስተን!
እኛ፣ እዚሁ ተወልደን።

«ታዲያ ለምን አልደወላችሁም?»
«ደውለን ነበር። ‹ይስተካከላል› አላችሁን። ምጥ ግን አይጠብቅም።»

አርባ አንድ ሕፃናት በስድስት ዓመት
በሌለ ቀን ተወልደዋል፣ በሉባባ ጣት፤
ነሐሴ ሠላሳ አንድ፣ ነሐሴ ሠላሳ ሁለት…
አንዱ የእናቱን ነጠላ ጫፍ ይዞ በር ላይ ቆሟል፤
የሠፈሩ ልጅ ሁሉ በቀኑ ይጠራዋል።
«ስምህ ማነው?»
«ሙዓዝ። ሠላሳ ሦስት።»

አዲሱ ጠንቃቃ ነው፤ ከሠላሳ የዘለለ ነሐሴ ሲያይ
«ስሕተት» ብሎ ይጥለዋል፣ እዚያው በሩ ላይ።
ያን ማጣሪያ የጻፍኩት እኔ ነኝ።
ኮርቼበትም ነበር፤ አራጋውም አጨብጭቦልኝ።

ማታ ስንመለስ፣ ጠዋት በቀኝ የነበረው ገደል በግራ ሆነ፤
የዕቅዴም ቁጥር አንድ ወርዶ ቁጥር ሁለት ሆነ።
አንድ፦ «አዲሱን ከመጫናችሁ በፊት ንገሩን፤
ፕሮግራሙ እንቢ ሲላችሁ በየት በኩል ዞራችሁ አለፋችሁን?
ደብተር ጠርዝ ላይ የጫራችሁትን አሳዩን።»

«ይህ መመሪያ ነው» አለ አራጋው፣ «ወይስ ንስሐ?»
ዝም አልኩት፤ ከጆጉ ቀዳሁ አንድ ብርጭቆ ውሃ።

ከዚያ ሰንጠረዥ ሠራሁ፤ በግራ የድሮው፣ በቀኝ የዛሬው ይቆማል፤
ነሐሴ ሠላሳ ሦስት፣ ጳጉሜ ሦስት ይሆናል።
ከሥሩም፦ የድሮው ቀን አይሰረዝም፣ በጎኑ ይቀመጣል፤
የሚጠራበት ልጅ አለ፤ አድጎ መጥቶ ይጠይቃል።

ሊነጋ ነው። አርባው ልጅ ቦታ ቦታውን ያዘ፤
አንዱ ግን ከመስመሩ ወጥቶ እጄ ላይ ፈዘዘ፦
ነሐሴ ሠላሳ ሰባት።
ጳጉሜ ሰባት ቀን የላት።
መስከረም አንድ ልበለው፣ ወይስ ሁለት?
ሉባባ ስልኳን የምትከፍተው ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ያኔ ልጠይቃት።